«እናንተ አሜሪካኖች»

ከቦሌ ኤርፖርት እስከ ሰሚት ሩቅ አይደለም። የራይዱ ሾፌር ግን ጊዜ አላባከነም። ሻንጣዎቼን ጭኖ፣ ገና ከፓርኪንጉ ሳንወጣ፣ «እናቴ፣ ከአሜሪካ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ ይሄ ሰውዬ ዲቪን ይዘጋዋል፣ አይዘጋውም?»

ለ2017 ገና አራት ቀን ቀርቶታል። በፈረንጆቹ የጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ መሆኑ ነው። ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ትራምፕ አሸንፏል፣ ዋይት ሀውስ ግን ገና አልገባም። እኔ ደግሞ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ መጥቼ እግሬ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል።

ቢሆንም መለስኩለት። «ዲቪን በ1990 ያወጣው ኮንግረስ ነው። ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ብድግ ብሎ ሕግ አይሰርዝም።» ካልኩት ውስጥ አንድም ስህተት የለም። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «በኮሮናው ጊዜስ?»

የእህቱ ባል የ2020 ዲቪ ደርሶት ነበር። ትራምፕ በዚያ ዓመት የውጭ ሰው እንዳይገባ ሲያግድ ዲቪዎቹም አብረው ታገዱ። ዲቪ ደግሞ ቀኑ ካለፈ አለፈ ነው፤ ሴፕቴምበር 30 ሲመጣ የዓመቱ ዕጣ ይሞታል። ሰውየው የሕክምና ምርመራውን ጨርሶ፣ ሱቁን ሸጦ፣ እዚሁ ቀረ። «ሕጉማ አልተሰረዘም» አለ ሾፌሩ። በቁጣ አይደለም። እያረመኝ ነበር።

ወሬ ለመቀየር «መንገዱ እንዴት አምሯል!» አልኩት። መብራቱ፣ የእግረኛ መንገዱ፣ ሁሉም አዲስ ነው። «ኮሪደር ልማት ነው» አለኝ። «እዚህ ጋ የነበሩት ሰዎችስ የት ሄዱ?» ስለው ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

እኔ ደም ቀጂ ነኝ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ጋሪዬን እየገፋሁ ጠዋት ጠዋት ከሕመምተኞች ደም እቀዳለሁ። በ1998 በዲቪ ገባሁ፣ በ2010 ዜግነት ወሰድኩ። ያኔ ለዜግነት ፈተናው መቶ ጥያቄ ነበር የሚጠናው። ፈታኟ ከመቶው አሥር ትጠይቃለች፣ ስድስት የመለሰ አለፈ። ሕገ መንግሥቱ ስንት ማሻሻያ አለው? 27። ሴናተሮች ስንት ናቸው? 100። ሌላው ምክር ቤትስ? 435። አውቶብስ ውስጥ ሳይቀር ሸምድጄዋለሁ። ከእነዚያ መቶ ጥያቄዎች ግን አዲስ አበባ ላይ አንዱን እንኳ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው ደግሞ «እናንተ» የምትለው ቃል ናት። «እናንተ ለምን መሣሪያ አትሰበስቡም?» «እናንተ በግድባችን ምን አገባችሁ?» ሆስፒታል ስመለስ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ኢትዮጵያ ክፉ ዜና በሰሙ ቁጥር «እናንተ አገር ምን ተፈጠረ?» ይሉኛል። እዚያም እናንተ፣ እዚህም እናንተ። ደሞዝ የማይከፈላት ቃል አቀባይ ሆኛለሁ።

ከኛ ከዲያስፖራዎቹ መሀል ሁለት ዓይነት መላሽ አለ። አንደኛው አሜሪካን መንግሥተ ሰማያት አድርጎ ነው የሚያወራት፤ ሁሉ በሕግ፣ ሁሉ በሥርዓት፣ ፖሊሱ እንኳ «ሰር» ብሎ ነው የሚይዝህ። ሁለተኛው «ተዉኝ እስቲ፣ አሜሪካ ምን አላት፣ ቢል ብቻ» የሚለው ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ፖለቲካ እያወራ አይደለም፤ ብር እንዳይጠየቅ በሩን ቀድሞ እየዘጋ ነው። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም የሆንኩበት ጊዜ አለ።

የእቴቴ ቤት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እቴቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ባሏን ጋሼ እንላቸዋለን። የልጃቸው ልጅ አብሯቸው ይኖራል፤ ሕግ ይማራል፣ ሦስተኛ ዓመት። በማግስቱ ቡናው ገና እየተቆላ ልጁ ወንበሩን አስጠጋና «አክስቴ፣ ትንሽ ድምፅ ያገኘ ሰው እንዴት ነው የሚያሸንፈው?» አለኝ።

የ2016ቱን የአሜሪካ ምርጫ ማለቱ ነው። ሂላሪ ክሊንተን 2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጣ ተሸነፈች። በ2000ም አል ጎር እንደዚሁ ሆኗል፤ በአገሪቱ በግማሽ ሚሊዮን በልጦ ፍሎሪዳ ላይ በ537 ድምፅ ወደቀ።

«እነሱ ጋ ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም የሚመርጠው» ብዬ ጀመርኩ።

«እነሱ እነማን ናቸው?» አለ ልጁ። «አንቺ አልመረጥሽም እንዴ?»

«መርጫለሁ።»

«ታዲያ እኛ ጋ በያ።»

ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹ ተደርድረዋል። ቆሎውም ቀርቧል። አንዱን ስኒ ካሊፎርኒያ አደረግኩት፤ 39 ሚሊዮን ገደማ ሰው። ሌላውን ዋዮሚንግ፤ ስድስት መቶ ሺህ የማይሞላ ሰው። ለየግዛቱ የተሰጠውን ወኪል መራጭ በቆሎው እየቆጠርኩ እጨምር ጀመር። ለዋዮሚንግ 3። ለካሊፎርኒያ 54። ሃያ ላይ ስደርስ ታከተኝና «ይሄው ሃምሳ አራት በሉት» ብዬ ተውኩት። ጠቅላላው 538 ነው፣ 270 የያዘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚሉት ይሄንን ነው።

«አሁን ካሊፎርኒያን በአንድ ድምፅም አሸንፍ፣ በአምስት ሚሊዮንም አሸንፍ፣ ስኒዋን ከነቆሎዋ ነው የምትወስዳት። ትርፉ ሌላ ስኒ ውስጥ አይገባም። መሬት ይፈሳል።»

እቴቴ ከመቁያው ቀና አለች። «ስኒዬን ነው እንዴ? በምን ላጠጣሽ ነው ታዲያ?»

ልጁ ግን ገብቶታል። ስልኩን አውጥቶ አካፈለ። አንድ የዋዮሚንግ ሰው ከሦስት የካሊፎርኒያ ሰው በላይ እንደሚመዝን ራሱ ደረሰበት። «ለምን?» አለ። ለየግዛቱ የሚሰጠው ቁጥር የምክር ቤት ወንበሩና የሴናተሮቹ ድምር ስለሆነ ነው። የምክር ቤቱ ወንበር የሕዝብ ብዛት ይከተላል፣ የሴኔቱ አይከተልም። ይሄን ለማስረዳት ወደ እቴቴ ዞርኩ። «የእድራችሁን ስብሰባ አስቢው። አሥር ልጅ ያለውም ቤት፣ ብቻውን የሚኖረውም፣ አንድ ድምፅ ነው ያለው አይደል? ሴኔቱ እንደዚያ ነው። ለትልቁም ሁለት፣ ለትንሹም ሁለት።»

«አሃ!» አለ ልጁ። «የኛ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነዋ!» ለእያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ወንበር፣ ከዚያ በየሚሊዮኑ ሕዝብ አንድ ተጨማሪ። ትንሹ እንዳይዋጥ ተብሎ። ይሄን እኔ አላውቅም ነበር። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ አገር ውስጥ ነበርኩ'ኮ። ግን አልሸመደድኩትም። ፈተና የለውማ።

«ፍትሐዊ ነው ትያለሽ?»

«አልልም።»

«ታዲያ ለምን አትቀይሩትም?»

ለመቀየር የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ከዚያ ከ50ዎቹ ግዛቶች 38ቱ መስማማት አለባቸው። «ዋዮሚንግ የራሷን ቆሎ ለመቀነስ እጇን ታወጣለች?» አልኩት።

«ሞኝ ናት እንዴ!» አለች እቴቴ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ቡናው ሲቀዳ እቴቴ ግራ እጄን ይዛ ጣቶቼን አገላብጣ አየች። ቀለም እየፈለገች ነበር። ከምርጫው ሁለት ወር አልፎታል፤ እሷ ግን የኛ አገሩ ቀለም ጥፍር ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ ታውቃለች። አሜሪካ ቀለም የለም አልኳት።

«ታዲያ ሁለቴ ቢመርጡስ?»

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሳልሸመድድ ነው የምመልሰው። እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ እሠራለሁ። አሜሪካ እንደ ምርጫ ቦርዳችን ያለ፣ ምርጫውን ከላይ እስከ ታች የሚያካሂድ አንድ መሥሪያ ቤት የላትም። ግዛቱና ከተማው ነው የሚያስፈጽመው፤ በቀኑ ደግሞ እንደኔ ያለ የሠፈር ሰው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንደርሳለን፤ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር። ቀኝ እጃችንን አንስተን እንምላለን። ማሽኑ ሲከፈት ረጅም ወረቀት ያትማል፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስከ ታች። ዜሮ መሆኑን አይተን እንፈርማለን። በሩ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። መራጩ መታወቂያውን ይሰጠኛል፣ ታብሌቱ ላይ ስሙን ፈልጌ እነካዋለሁ። አንዴ ከተነካ ተነካ ነው፤ ተመልሶ ቢመጣ ማሽኑ ያጋልጠዋል። ከዚያ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ይቀበልና በእስክርቢቶ ክቧን ያጠቁራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ብቻ አይደለም። ሴናተር፣ የምክር ቤት አባል፣ ከንቲባ፣ የከተማ ምክር ቤት፣ የትምህርት ቤት ቦርድ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ በግዳጅ ላይ ስለሞተ ወታደር ባለቤት የቤት ግብር አንድ ጥያቄ ነበር፤ አዎ ወይም አይ። ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። ማሽኑ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ የተንዠረገገ ወረቀት ያወጣል፣ ሁላችንም እንፈርምበታለን። የሁለቱም ፓርቲ ሰው መኖር አለበት። አጠገቤ የተቀመጠችው ጡረተኛ ሪፐብሊካን ናት። ኬክ ጋግራ መጥታ ነበር። ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም፣ ስለ ጉልበት ሕመም ግን ቀኑን ሙሉ አውርተናል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ልጃቸው ደጅ መኪና ውስጥ ነው። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ወረቀቱን ተቀብለው ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «ልጄ፣ የቱን ላጥቁር?» አሉኝ።

«እናቴ፣ እሱን ልነግርዎት አልችልም።»

«አንቺ የቱን አጠቆርሽ?»

«እሱንም አልችልም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ'ኮ ካድሬ መስለሽኝ ነበር» አሉ። «ለካ አይደለሽም። ካድሬ ቢሆን ይነግረኝ ነበር።»

ይሄን ለእቴቴ ስነግራት ሳቀች፣ ጋሼም ሳቁ። የእቴቴ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። «ከሌሊት እስከ ማታ! ማን ያበላችኋል?» ምሳችንን ይዘን ነው የምንሄደው ስላት ራሷን ነቀነቀች። ይሄን ያህል ሀብታም አገር ለምርጫ አስፈጻሚ ምሳ አለማቅረቡ ከኤሌክቶራል ኮሌጁ ይልቅ ነው ያስገረማት።

ስለ ጠመንጃም ተጠየቅኩ። የሚጠየቀው ሁልጊዜ ነው። በ1791 ስለ ጸደቀው ሁለተኛው ማሻሻያ አወራሁ፤ 38 ግዛቶች ለቆሎውም እንዳልተስማሙ፣ ለዚህም እንደማይስማሙ። ልጁ ማስታወሻ ሊይዝ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሳላስበው ስለ ልጄ ነገርኳቸው። የሰባት ዓመት ልጅ እያለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «ዛሬ ዝም ማለት ተለማመድን» አለችኝ። መብራት ይጠፋል፣ በር ይቆለፋል፣ ልጆቹ ከመስኮት ርቀው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። መምህሯ እንዳያወሩ ለየአንዳንዳቸው ሎሊፖፕ ሰጥታቸዋለች። ልጄ የሎሊፖፑን እንጨት ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣ አመጣችልኝ፤ ዝም ስላለች ሽልማት መስሏታል። እቴቴ «በስመ አብ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጠመንጃ ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሼ የሚጠይቁት መጨረሻ ላይ ነው። ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ፣ ኤፍ-5 የሚባለው የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ጃንሆይ በቮልስዋገን ሲወሰዱ ወጣት ወታደር ናቸው። መንግሥቱ በአውሮፕላን ሲወጡ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እሳቸውም ሳጥናቸውን ተሸክመው ቤታቸው ገቡ። አሁን ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ እጃቸው ግን ዛሬም ብሎን ሲፈታ አይንቀጠቀጥም።

ያን ሰሞን ጂሚ ካርተር በመቶ ዓመታቸው አርፈው ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለሳቸው ነበር። ደግ ሰው፣ የሰላም ሰው፣ ኦቾሎኒ ገበሬ። ጋሼ እያዩ ቆዩና «መለዋወጫ ከልክሎናል» አሉ።

በ1977 መሆኑ ነው። የካርተር መንግሥት ደርግ ሰው ይገድላል ብሎ የወታደራዊ ዕርዳታውን ቆረጠ። ደርግ ደግሞ አሥመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያ ዘጋ። ወዲያው የሶማሊያ ጦር ገባ። ጋሼና ጓደኞቻቸው ከቆመው አውሮፕላን እየነቀሉ ለሚበረው ይገጥሙ ነበር። «ደርግ ሰው መግደሉ እውነት ነው» አሉ ጋሼ። «ወንድሜንም ገድሏል። ግን ዚያድ ባሬ ሲመጣ የመጣው በደርግ ላይ ብቻ ነው? አንድ ሰው በመረጣችሁ ቁጥር ከኛ ጋር ያላችሁ ውል ይለወጣል?»

ምን እመልሳለሁ? ልክ ናቸው። ይለወጣል። ከዚያ ሁለቱን ቅርብ ጊዜ ጨመሩበት። በኦክቶበር 2020 ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲያወራ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች አለ፤ ጋዜጠኛ ቆሞ እየሰማ። ባይደን ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በ2022 መግቢያ ላይ አጎዋን፣ ዕቃችን ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ የሚገባበትን ዕድል፣ ዘጋ። ከሥር ያለችው የጎረቤት ልጅ ሐዋሳ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር፤ አሁን ቤት ነው ያለችው። «አንዱ በግድቡ፣ ሌላው በሸሚዙ» አሉ ጋሼ። «እናንተ አሜሪካኖች ሁለት ፓርቲ አለን ትላላችሁ። እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ነው።»

እዚህ ላይ የባለቤቴን ታሪክ አወጣሁ፣ ሌላ መልስ ስላልነበረኝ። ባለቤቴ ዜግነት ካገኘ ጀምሮ ዴሞክራት ነበር። በ2021 የቨርጂኒያ ሐበሻ በባይደን ላይ ተቆጥቶ ሲወጣ እሱም ወጣ። ለአገረ ገዥነት የተወዳደረውን ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን መረጠ። እኔ «አገረ ገዥ ስለ አጎዋ ምን ያገባዋል? የሱ ሥራ መንገድና ትምህርት ቤት ነው» ብዬ ተከራከርኩት። «መልእክት ነው» አለኝ። ያንግኪን በሁለት ነጥብ ገደማ አሸነፈ። አጎዋ ግን ከመዘጋት አልዳነም። ሳምንት ያህል ቤታችን ውስጥ ስለ እንጀራ ብቻ ነበር የምናወራው።

ጋሼ ደስ አላቸው። «ጎበዝ ነው ባልሽ» አሉ። «አንቺስ?»

«ምርጫ አስፈጻሚ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ከኔም ትደብቂያለሽ?»

«ከሱም እደብቃለሁ።»

የገና ዋዜማ ደረሰ። ታኅሣሥ 28። ይሄ ቀን በፈረንጅ ጃንዋሪ 6 መሆኑን ያስተዋልኩት በ2021 ነው። ያኔ አሌክሳንድሪያ ነበርኩ፣ ከካፒቶል፣ ከኮንግረሱ ሕንፃ፣ ወንዙን ተሻግሮ። ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፍኩ ቴሌቪዥኑ ላይ የተሸነፈው የትራምፕ ደጋፊዎች የካፒቶልን ግድግዳ ሲወጡ፣ መስኮት ሲሰብሩ አየሁ። ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ናት። «ተርፋችኋል?» አለችኝ። ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለት ወሩ ነበር፤ ያን ሰሞን ሁሉ ተርፋችኋል ወይ እያልኩ የምደውለው እኔ ነበርኩ። ስልኩን ሳልዘጋ የከተማው መልእክት ገባ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት መውጣት ክልክል ነው። ሰዓት እላፊ! ልጅ ሆኜ አባቴ ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲሆን እየሮጠ የሚገባበት ቃል ቨርጂኒያ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እቴቴን «እዚህም ሰዓት እላፊ ታወጀ» ስላት «ሻማ አለሽ?» አለችኝ።

አሁን አራት ዓመት ሆኖታል። ባለቤቴ ከአሌክሳንድሪያ የመኪናችንን ፎቶ ላከ፤ በረዶው ጎማውን ውጦታል። እቴቴ ቤት ዶሮው ደርሷል። ጾም ስለሆነ ግን ጨው የሚቀምስ የለም። የጎረቤት የአራት ዓመት ልጅ ተጠርቶ መጣ፣ ጭልፋውን ላሰ፣ «ቆንጆ ነው» ብሎ ሄደ። እቴቴ አላመነችውም።

ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ዋሽንግተን ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ያው አዳራሽ። ካማላ ሃሪስ ከፍ ብላ ቆማለች። ከየግዛቱ የተላከው የወኪል መራጮች ድምፅ ወረቀት ተነበበ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም መስኮት አልሰበረም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ወሰደ። በመጨረሻ ድምሩን ራሷ አነበበችው። ዶናልድ ትራምፕ 312። ካማላ ሃሪስ 226።

እቴቴ ጭልፋዋን ይዛ ከኩሽናው በር ቆማለች። «ይቺ ራሷ አይደለችም እንዴ የተሸነፈችው?»

«ራሷ ናት።»

«ራሷ ታንብበው ብለው?»

«ሥራዋ ነው። የምክትል ፕሬዚዳንት ሥራ ነው። አል ጎርም በ2001 የራሱን አንብቧል።»

«ምስኪን» አለች እቴቴ፤ ለሁለቱም ይመስለኛል።

ጋሼ ዝም ብለው ያያሉ። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ተነስተው እየተጨባበጡ ነው።

«አሁን ወዴት ትሄዳለች?» አሉኝ።

«ሥልጣኗን ጃንዋሪ 20 ታስረክባለች። ከዚያ ካሊፎርኒያ ነው ቤቷ።»

«ቤቷ ትገባለች?»

«ትገባለች።»

«ከነባሏ?»

«ከነባሏ።»

ሪሞቱን አንስተው አጠፉት። ጋቢያቸውን ደረቡ፣ መቋሚያቸውን ከበሩ ኋላ አወጡ። ቅዳሴው እንዳያመልጠን እቴቴ ከደጅ ትጣራለች። «እናንተ ሰዎች…» አሉ ጋሼ፣ አንድ ነገር ሊጨምሩ። ሳይጨርሱት ጎንበስ ብለው ከሶፋው ሥር ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።